የእንጉዳይ መረቅና ዱቄት ለታመመ አንጀት፦ ባሕር ዳር ላይ በቤትዎ ጓዳ እንዴት ይዘጋጃል?

እንጉዳይ ጠብሶ መብላትና ከእንጉዳይ ውስጥ ለአንጀት የሚፈለገውን ነገር ማውጣት አንድ ሥራ አይደሉም። ሽንኩርት አቁላልቶ፣ እንጉዳዩን ጨምሮ፣ አምስት ደቂቃ አማስሎ ማውጣት ለአፍ ይጥማል። የምንፈልገው ቤታ ግሉካን የሚባል የስኳር ሰንሰለት ግን የእንጉዳዩ ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ካይቲን ከሚባል ነገር ጋር ተሸምኖ ነው ያለው። ካይቲን የአንበጣ ቅርፊት የተሠራበት ነው፤ የሰው ሆድ እሱን ለመፍጨት አቅሙ ደካማ ነው። በጥድፊያ የተጠበሰና በቅጡ ያልታኘከ እንጉዳይ አብዛኛው ግድግዳው ሳይፈርስ እንደገባ ይወጣል። እዚህ የሚቀርበው ሥራ ሁሉ ያን ግድግዳ ለማፍረስ ነው፦ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ በውሃ ረጅም ሰዓት መቀቀል።

የተጻፈው ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የአንጀት ቁጣ በምርመራ ለተረጋገጠላቸው፣ መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱ በሽታው ጋብ ላለላቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። እንጉዳይ እነዚህን በሽታዎች ያድናል የሚል ካጋጠመዎት ሊሸጥልዎት የፈለገው ነገር አለ ማለት ነው። የእንጉዳይ ቦታው ከምግብ ወገን ነው፤ ሰልፋሳላዚኑን፣ ሜሳላዚኑን፣ አዛታዮፕሪኑን አይተካም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ «መረቅ ጀምሬያለሁ» ብሎ ኪኒኑን በድንገት ቢያቆም፣ ከአንጀቱ ሌላ ሰውነቱ ራሱ የሚያመነጨው ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ስለሚጎድል ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል።

መጀመሪያ፦ በሽታው በእርግጥ እሱ ነው?

እኛ አገር ከደረት በታች የሚያም ነገር ሁሉ «ጨጓራ» ነው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ ደግሞ «አሜባ»። አንዳንዴ ልክ ነው። ጣና ዳር ለሚኖር፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ለሚያጠምድ፣ ደንገል ለሚያጭድ ወይም ልብስ ለሚያጥብ ሰው ሌላም አለ፦ የአንጀት ቢልሃርዝያ በሐይቁ ዙሪያ ያለ በሽታ ነው፤ እሱም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ የሚታከመውም በፕራዚኳንቴል ነው። የአንጀት ቲቢ ደግሞ ክሮንስን እስከማሳሳት ድረስ ይመስላል፤ ሁለቱም ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳሉ። ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም። አሜባ ወይም ቲቢ ላለበት ሰው ክሮንስ ነው ተብሎ ስቴሮይድ ቢሰጠው በሽታው ይባባሳል።

ስለዚህ መረቅ ከማሰብዎ በፊት በተለያዩ 3 ቀናት የተሰጠ የሰገራ ምርመራ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ ከዚያም ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ከአንጀቱ ከተቆረጠ ናሙና ጋር መኖር አለበት። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ከተማው ውስጥ ናቸው፤ የውስጥ ደዌ ሐኪሙን ሲያገኙ የሚጠይቁት ግልጽ ጥያቄ «ቲቢ አለመሆኑ በምን ታወቀ?» የሚለው ነው።

አሁን የሚከተለው ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጠው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለበት ሰገራ፣ ከዚሁ ጋር ከ37.8 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ወይም በደቂቃ ከ90 በላይ የልብ ምት፣ ወይም ከ10.5 በታች ሄሞግሎቢን። ሐኪሞች ከባድ ኮላይቲስን ከቀላሉ የሚለዩባቸው መለኪያዎች እነዚህ ናቸው። ሆድ ተነፍቶ፣ ማስታወክ ተጨምሮበት፣ ፈስም ሰገራም ከቆመ ደግሞ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ለነገ አይባልም።

ውስጡ ያለው ምንድን ነው?

ቤታ ግሉካን የግሉኮስ ሰንሰለት ነው፤ የእንጉዳዩ ዓይነት ከአጃው የሚለየው ቅርንጫፍ በማውጣቱ ነው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ላይ ዴክቲን-1 የሚባል ተቀባይ አለ፤ ቤታ ግሉካንን የሚለየው እሱ ነው። እዚህ ላይ የሻጮች ወሬ የሚዘለው ነገር አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የአይጥ ጥናት ዴክቲን-1 የሌላቸው አይጦች ኮላይቲስ እንደሚጸናባቸው አሳየ። በ2015 የታተመ ሌላ የአይጥ ጥናት ደግሞ ተቀባዩ ሲታገድ ኮላይቲሱ እንደሚቀል አሳየ። «መከላከያን ያጠናክራል» የሚለው ቃል ለጉንፋን ማስታወቂያ ያምር ይሆናል፤ ክሮንስና ኮላይቲስ ግን መከላከያው አለመጠን የተቆጣባቸው በሽታዎች ናቸው። በትንሽ የምንጀምረውና በሽታው በተነሣበት ወቅት የማንሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ኤርጎቲዮኒን ነው። ሰውነታችን አይሠራውም፤ ከምግብ ነው የሚያገኘው፣ ከምግብ ሁሉ ደግሞ እንጉዳይ ይበልጣል፣ ኦይስተር እንጉዳይም ከቀዳሚዎቹ ነው። ወደ ሕዋስ የሚያስገባው በር በአንድ በታወቀ ዘረ መል ይሠራል፤ የዚያ ዘረ መል አንዳንድ ዓይነቶች ከክሮንስ ጋር መያያዛቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። መያያዝ ማለት ግን ኤርጎቲዮኒን መብላት ክሮንስን ያቀላል ማለት አይደለም። ለወጥ ቤት የሚጠቅመን ጠባዩ ሌላ ነው፦ በውሃ ይሟሟል፣ ሙቀትም ብዙ አይጎዳውም፤ ስለዚህ መረቁ ውስጥ ይገኛል።

ሦስተኛው ኤርጎስቴሮል ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ቫይታሚን ዲ2 ይሆናል። የአንጀት ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ዲ ያንሳቸዋል፣ ስቴሮይድ የሚወስዱት ደግሞ አጥንታቸው ይሳሳል። ይህኛው የሚሟሟው በቅባት ነው፤ መረቁ ውስጥ ሳይሆን አተላው ውስጥ ይቀራል።

በሰው ላይ የተሞከረውስ? ኖርዌይ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት ጥናቶች አሉ፤ አንዱ በአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፣ አንዱ በክሮንስ፣ እያንዳንዳቸው 50 ሰው። አጋሪከስ ብላዜይ ከሚባል እንጉዳይ በዋናነት የተሠራ ፈሳሽ ለ21 ቀናት ተሰጥቶ ከማስመሰያ ጋር ተነጻጸረ። የሕመም ስሜትና ድካም በመጠኑ ቀነሰ። ያገኘነው ይህን ያህል ነው፦ 3 ሳምንት፣ ጥቂት ሰው፣ መጠነኛ ለውጥ፣ ያውም በሌላ እንጉዳይ። ለመሞከር ይበቃል፤ ለመፎከር አይበቃም።

የትኛው እንጉዳይ?

ኦይስተር። ባሕር ዳር ላይ በጤፍ ጭድ የሚበቅለው፣ ጆሮ የመሰለው። ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ ትኩስ ይገኛል፤ ማን እንዳበቀለውም ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ ነጩ ክብ እንጉዳይ ማኒቶል የሚባል ስኳር በብዛት አለው፤ ማኒቶል ደግሞ ትልቁ አንጀት ውስጥ ፈልቶ ጋዝና ተቅማጥ ያመጣል። ኦይስተር ማኒቶሉ አነስተኛ ነው። ክቡ ብቻ ከተገኘ የቆርቆሮው ከትኩሱ ይሻላል፤ ማኒቶሉ ወደ ውሃው ስለሚወጣ ውሃውን ደፍተው ማጠብ ነው።

ከውጭ ዘመድ የሚልካቸው እንክብሎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቻጋ የተባለው ኦክሳሌት የበዛበት ነው፤ ክሮንስ ያለበት ሰው፣ በተለይ የትንሹ አንጀት ጫፍ የተቆረጠለት፣ ያለዚያም ለኦክሳሌት የኩላሊት ጠጠር የተጋለጠ ስለሆነ ቻጋ ባይነካ ይሻለዋል። ሬይሺ ደም የሚያቀጥን ጠባይ አለው፤ ዋርፋሪን ለሚወስድ ወይም አንጀቱ ለሚደማ አይሆንም፤ ዱቄቱ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎችም ተመዝግበዋል። ሺታኬ በደንብ ሳይበስል ከተበላ ቆዳ ላይ ጅራፍ የመታው የሚመስል ሰንበር ያወጣል።

«የእንጉዳይ» ተብሎ የተሸጠው እንክብል በእርግጥ እንጉዳይ መሆኑን ግን ቤትዎ ሊፈትኑ ይችላሉ። ብዙዎቹ እህል ላይ ያደገ የእንጉዳይ ድር ከነእህሉ ተፈጭቶ የታሸገባቸው ናቸው። የ2 እንክብል ዱቄት በግማሽ ስኒ የፈላ ውሃ በጥብጠው ያቀዝቅዙ፤ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን 2 ጠብታ ያድርጉበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች ነው፤ ሩዝ ወይም አጃ ገዝተዋል። የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም ይዞ ከቀረ ቢያንስ እህል አልተሞላበትም። ማሸጊያው ላይ «ፖሊሳካራይድ» የሚለው መቶኛ አያታልልዎት፤ ስታርችም ፖሊሳካራይድ ነው። የሚፈለገው የቤታ ግሉካን መቶኛ ነው።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ የሚፈላውን፣ «የጅብ ጥላ» የምንለውን፣ ለመረቅ አይልቀሙ። ገዳይ የሆኑት ዓይነቶች መርዛቸው በመቀቀል አይጠፋም፤ ምልክቱም ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴ በማግሥቱ ስለሚጀምር «በልቼው ምንም አልሆንኩም» ማለት ዋስትና አይደለም። ተቅማጥ የለመደ የአንጀት ሕመምተኛ ደግሞ መርዙን «ያው በሽታዬ ተነሣ» ብሎ ያልፈዋል። በዘጌ ይሁን በሌላ ደን ግንድ ላይ የሚወጣውን መደርደሪያ የመሰለ ጠንካራ እንጉዳይም ሬይሺ ነው ብሎ መላጥ አያዋጣም፤ የሚመሳሰሉት ብዙ ናቸው።

ገበሬውን የሚጠይቁት

በምን ላይ አበቀልከው? የጤፍ ጭድ፣ የስንዴ ጭድ ወይም የጥጥ ፍሬ ገለባ ከፉርሽካና ከትንሽ ኖራ ጋር ከሆነ ጥሩ ነው። እምቦጭ ከሆነ ለሕመምተኛው አይግዙ። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ ላይ ኦይስተር አሳምሮ ይበቅላል፤ አረሙን ለማስወገድ ሲባል ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን እምቦጭ ከውሃ ውስጥ እርሳስና ካድሚየም መጥጦ የሚይዝ ተክል ነው፣ እንጉዳይም ከበቀለበት ነገር ብረት ይሰበስባል። በዚያ ላይ እንጉዳዩን አድርቀን፣ 10 እጥፍ አጥብቀን፣ በየቀኑ ልንጠጣው ነው። ላቦራቶሪ ሳይለካው አይሆንም።

ራስዎ የሚያበቅሉ ከሆነ አጭሩ ነገር ይህ ነው፦ 10 ኪሎ ደረቅ ጭድ አንድ ሌሊት ዘፍዝፈው፣ በበርሜል ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ባለ ውሃ 2 ሰዓት ያቆዩ፤ አጠንፍፈው ሲጨብጡት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ሲወጣው፣ ከእርጥብ ክብደቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ በማሽላ ላይ ያደገ የእንጉዳይ ዘር ቀላቅለው በላስቲክ ይጠቅጥቁ። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ክፍል ከ3 እስከ 4 ሳምንት፤ ከዚያ መብጣት፣ ማራስ፣ አየር መስጠት። አረንጓዴ ሻጋታ ከወጣ ጭዱ በደንብ አልሞቀም፤ ከረጢቱን ከቤት ያርቁ። ግንዱ ረዝሞ ባርኔጣው ካነሰ አየር አንሶታል። ጠርዙ ቢጫ ሆኖ ከደረቀ፣ በየካቲትና በመጋቢት ደረቅ አየር የተለመደ ነው፣ ርጥበት ጎድሎታል።

ግን አዛታዮፕሪን ወይም ሌላ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስደው ሰው ማብቀያ ክፍል አይግባ። የጎለመሰ ኦይስተር ነጭ ዱቄት የመሰለ ዘር ይበትናል፤ እሱም ጤነኛ ሳንባ ሳይቀር ያስቆጣል። ባርኔጣው ጠርዙ ወደ ታች እንደታጠፈ፣ ሳይዘረጋ፣ ሌላ ሰው ይቁረጠው።

ማድረቅ

1 ኪሎ ትኩስ ኦይስተር ሲደርቅ ከ90 እስከ 100 ግራም ይሆናል። አይጠቡት፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል። የጭዱን ትርፍራፊ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ የግንዱን ጠንካራ ጫፍ ቆርጠው ጥለው፣ በእጅዎ ወደ ጭረቱ አቅጣጫ 5 ሚሊ ሜትር በሚሆን ስፋት ይተልትሉት። ግንዱ ሥር ያለው ነጭ ጥጥ መሰል ነገር የራሱ ድር ነው፣ ሻጋታ አይደለም። የዓሣ ሽታ ያመጣ፣ የሚያዳልጥ ግን ይጣል።

ሰፌድ ላይ ከባርኔጣው ሥር ያለውን ሽንሽን ወደ ላይ አድርገው ይዘርጉት። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ ለ1 ሰዓት ይመታ፤ ቫይታሚን ዲውን የሚሠራው ሽንሽኑ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። 100 ግራም ትኩስ እንጉዳይ በዚህ መንገድ 10 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ዲ2 ሊይዝ ይችላል። በመስኮት መስታወት ውስጥ የገባ ፀሐይ አይሠራም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ማድረቅ በነፋስና በዝግታ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሕር ዳር ላይ ነጠላ ጨርቅ ሸፍነው ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ማዋል ይበቃል፤ ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት፣ ከሐይቁ የሚነሣው ርጥበት የቀኑን ሥራ ይመልሰዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን በፀሐይ አይሞከርም። የኤሌክትሪክ ምጣዱ እንጀራ ከተጋገረበት በኋላ ሲጠፋ፣ እጅ አስነክቶ የሚያቆይ ያህል ሲበርድ፣ በወንፊት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ አክንባሎውን በመጠኑ ገርበብ ያድርጉት። ሁለት ሦስት የጋገራ ቀን ይፈጃል፤ በመሐል ፍሪጅ ውስጥ በወረቀት ያቆዩት። ከ60 ዲግሪ አይለፍ። መጀመሪያ ላይ ሙቀት ካበዙ ላዩ ቅርፊት ይሠራል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ በሳምንቱ ማሰሮው ውስጥ ይሻግታል።

መድረቁን በጆሮ ይለዩታል። አንዱን ቁራጭ ሲሰብሩት እንደ ደረቅ ቂጣ «ቋ» ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከታጠፈ ይመለስ።

መረቁ

ከባሕር በላይ 1,800 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ግድም ነው። የውጭ አገር መመሪያ «ለ1 ሰዓት ያፍሉ» ሲል በ100 ዲግሪ አስቦ ነው፤ እዚህ በተራ ድስት 2 ሰዓት ያስፈልጋል። ፕሬዠር ድስት ካለ እንፋሎቱ መውጣት ከጀመረ በኋላ 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ነዳጁም ከሰሉም ይተርፋል። ባለን ነገር ከተመረጠ እሱን እንመርጣለን።

20 ግራም ደረቅ እንጉዳይ ይመዝኑ። በእጅዎ አድቅቀው በ1.5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ የዘፈዘፈበትን ውሃ አይድፉ፣ ኤርጎቲዮኒኑ ቀድሞ የሚወጣው እዚያ ውስጥ ነው። አሉሚኒየም ሳይሆን ማይዝግ ወይም የሸክላ ድስት ይጠቀሙ። ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርገው፣ ገርበብ ከድነው፣ አልፎ አልፎ አረፋው ብቅ ጥልቅ እያለ 2 ሰዓት ይቆይ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይግቡበት፤ ሁለቱም የሚፈላ ስኳር ስላላቸው ጋዝ ቢነሣ የእንጉዳዩ ይሁን የሽንኩርቱ መለየት ያቅትዎታል። በርበሬም አይግባ። ትንሽ ጨው መጨረሻ ላይ፣ ከተፈለገ አንዲት ቁራጭ ዝንጅብል።

በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልለው፣ አተላውን ጨምቀው፣ የወጣውን ይለኩ። 700 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ከበዛ ክፍት ድስት ላይ ያትንኑት፤ ካነሰ የፈላ ውሃ ይጨምሩ። ይህን ቁጥር የምናጠብቀው ለሒሳቡ ነው፦ 20 ግራም በ700 ሚሊ ሊትር ማለት 35 ሚሊ ሊትሩ የ1 ግራም ደረቅ እንጉዳይ መረቅ ነው። አንድ የቡና ስኒ 70 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ የእርስዎን ስኒ ግን በመርፌ ሲሪንጅ አንድ ጊዜ ይለኩት፣ ስኒ ሁሉ እኩል አይደለም።

ጥሩ መረቅ እንደ ቀጭን ሻይ ወርቃማ ቡናማ ነው፣ ሲቀዘቅዝ በጣት መካከል ትንሽ ይሳባል። መራራ ከሆነ ታችኛው አርሯል። እንደ ውሃ የሳሳ ከሆነ ጊዜው አጥሯል ወይም እንጉዳዩ በደንብ አልደቀቀም። ማየት ለሚወድ ሰው አንድ ፈተና አለ፦ እሳት ከሌለበት ቦታ፣ 10 ሚሊ ሊትር የቀዘቀዘ መረቅ በብርጭቆ አድርገው 40 ሚሊ ሊትር የፋርማሲ 96 በመቶ አልኮል በቀስታ ያፍሱበት። ጥቂት ቆይቶ የተፈታ ጥጥ የመሰለ ነጭ ክር ከመሐሉ እየተጠቀለለ ይወጣል። የውሃው ሟሟ ሰንሰለት አልኮል ስለማይቀበለው ነው የሚለየው፤ ትንሽ ፕሮቲንም አብሮት አለ። አረቄ ለዚህ አይበቃም፣ አልኮሉ ያንሳል። ብርጭቆውን ይድፉት፣ አይጠጣም። «በአረቄ የተዘፈዘፈ እንጉዳይ» እያሉ የሚሸጡት ነገር ለቤታ ግሉካን ለምን እንደማይሆንም ከዚሁ ይታያል።

መረቁ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። እዚያ 3 ቀን ይቆያል፤ የቀረውን በበረዶ መሥሪያ ጎድጓዳ ቀዝቅዘው ለአንድ ወር ያስቀምጡ። መብራት ከ4 ሰዓት በላይ ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ በረዶ ያልሆነውን መረቅ ይድፉት። መከላከያው በመድኃኒት ለደከመ ሰው «አሽትተን እንየው» አይሠራም።

አተላውና ዱቄቱ

የኦይስተር ቤታ ግሉካን ትልቁ ክፍል በውሃ አይሟሟም፤ ቀርቷል። ቫይታሚን ዲውም እዚያው ነው። ስለዚህ አንጀቱ ያልጠበበ ሰው አተላውን አይጣል፤ በደንብ ፈጭተው አንድ የሾርባ ማንኪያ በአልጫ ሽሮ ውስጥ ከዘይት ጋር ይብላው። አንጀቱ በጠባሳ የጠበበ የክሮንስ ሕመምተኛ ግን በጨርቅ የተጠለለውን መረቅ ብቻ ይጠጣ። ሳይታኘክ የተዋጠ እንጉዳይ ጠባብ ቦታ ላይ ተወትፎ ወደ ቀዶ ሕክምና ያደረሳቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። ጠባብ መኖር አለመኖሩን ከምርመራ ወረቀትዎ ላይ ያጣሩ፤ ምግብ ከበሉ በኋላ በየጊዜው ቁርጠትና መነፋት ካለ እንዳለ ይቁጠሩት።

ዱቄት ከፈለጉ ደረቁን በቡና መፍጫ ፈጭተው በሻይ ማጥለያ ይንፉት፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ። አንድ ጠፍጣፋ የሻይ ማንኪያ 2 ግራም ግድም ነው። ጥሬውን አይቃሙት፤ ሽሮው ሊፈላ ሲል ጨምረው ቢያንስ 20 ደቂቃ አብሮ ይንተክተክ። በክዳን ጥብቅ ያለ ደረቅ ማሰሮ፣ ጨለማ ቦታ፣ 6 ወር። ከጓጎለ ርጥበት ገብቶታል።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን፦ እንጉዳይን «የጾም ሥጋ» ማለት ተለምዷል። 100 ግራም ትኩስ ኦይስተር 3 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው ያለው፤ ሥጋ 20 ግራምና ከዚያ በላይ አለው። ክብደቱ የቀነሰ ሕመምተኛ በዐቢይ ጾም 55 ቀን በእንጉዳይ እተካዋለሁ ቢል አይሆንለትም። የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ለታመመ ሰው የሚሆነውን እሳቸው ያውቃሉ።

መጠኑና አጀማመሩ

መጀመር ያለበት ደም ከቆመ፣ ሰገራ ከተስተካከለ፣ መድኃኒቱም ቢያንስ ለ4 ሳምንት ካልተቀየረ ነው። በዚያው ሳምንት ሌላ አዲስ ነገር፣ ፌጦም ሆነ አብሽ ወይም የሰው ምክር፣ አይጨመር።

ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀን 35 ሚሊ ሊትር፣ ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ። ከ5ኛው እስከ 8ኛው ቀን 70 ሚሊ ሊትር። ከ9ኛው ቀን ጀምሮ 70 ሚሊ ሊትር ከምሳ በኋላ፣ 70 ሚሊ ሊትር ከራት በኋላ። እዚያ ላይ ይቆማል፤ በቀን የ4 ግራም ደረቅ ወይም የ40 ግራም ትኩስ እንጉዳይ መረቅ ማለት ነው። ከዚህ ማብዛት የተሻለ እንደሚሠራ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ አያበዙም። ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና ዋርፋሪን የሚወስዱ በዚህ ሠንጠረዥ አይሄዱም፤ ለእነሱ በደንብ የበሰለ እንጉዳይ በምግብ መጠን ይበቃል። አዛታዮፕሪን፣ ሜቶትሬክሴት ወይም ኢንፍሊክሲማብ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር አይጀምር።

ደብተር ይያዙ። በየቀኑ አራት ነገር፦ ስንት ጊዜ ወጡ፣ ደም ነበር ወይ፣ ሌሊት ቀሰቀሰዎት ወይ፣ ሕመሙ ከ10 ስንት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ክብደት። ያለ ደብተር ሁሉም «ትንሽ የተሻለኝ ይመስለኛል» ነው።

መነፋትና ጋዝ ብቻ ከመጣ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ተመልሰው 4 ቀን ይቆዩ፤ ብዙ ጊዜ እንጉዳይ ውስጥ ያለ ትሬሃሎስ የሚባል ስኳር ነው። ቆዳ ካሳከከ፣ ከንፈር ካበጠ፣ ደረት ካፈነ ያቁሙ፣ ዳግመኛም አይሞክሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከወትሮው 3 ጊዜ የበለጠ ከወጡ ወይም ደም ከታየ መረቁን አቁመው ሰገራ ያስመርምሩ። አሜባና ጃርዲያ በክሮንስ ሰው ላይም ይመጣሉ፤ ጥፋቱን ሁሉ እንጉዳዩ ላይ መጫን አይገባም።

ከቻሉ ከመጀመርዎ በፊትና በ6ኛው ሳምንት ካልፕሮቴክቲን የተባለውን የሰገራ ምርመራ ያሠሩ፤ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ በቀዝቃዛ ሣጥን ይሂድ፣ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ይሥራው። በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች አንጀቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ከ250 በላይ ቁጣው አለ። ቁጥሩ ወርዶ ደብተሩም ከተስማማ መረቁ ይቀጥል። ቁጥሩ ካልተነቃነቀና ደብተሩም እንደ ድሮው ከሆነ፣ ሁለት ሰዓት እሳት ላይ መቆሙ ይቅርብዎት፤ እንጉዳዩ በሽሮው ውስጥ ይቆይ። ቁጥሩ ከወጣ ግን፣ ሕመም ባይሰማዎትም፣ መረቁን አቁመው ደብተሩንና የላቦራቶሪ ወረቀቱን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።